ማሽኑን የሚያባብለው አረንጓዴ ከረጢት

ሥጋ ሻጯ ዪጀንን ከሩቅ ስታያት ገና መሳቅ ትጀምራለች። «መጣችላችሁ ጆሮ ወዳዷ!» ትላለች ለጎረቤቶቿ፤ «ይቺ ልጅ የአሳማ ጆሮ ትገዛለች፣ ግን አትቀቅለውም። ፀጉሩን በእሳት ለብለብ ላድርግልሽ ስላት እንደ ጉድ ትጮህብኛለች።»

«እትዬ፣ በእሳት ከነካሽው እኮ ቆዳው ይሞትብኛል!»

«አሳማውስ ቢሆን ከሞተ ቆየ እኮ፤ እኔ ምን ላድርግሽ?»

ገበያው ይስቃል፤ ዪጀንም ትስቃለች። ጆሮዎቹን በረዶ ሣጥን ውስጥ ከትታ ሞተር ብስክሌቷ ላይ ትጭንና፣ ያ የሺንጁ ከተማ ነፋስ ወዲያና ወዲህ እያላጋት ወደ ዩኒቨርሲቲ ትነዳለች። ዶክትሬቷን ከጀመረች ወዲህ ኑሮዋ ይኸው ነው። ሰው ዶክተር ሲባል ነጭ ጋወን ለብሶ የሚንጎማለል ነው የሚመስለው፤ የአሳማ ጆሮ ፀጉር በመቀስ ሲከረክም የሚውለውን ማን ያየዋል?

የአሳማ ጆሮ ቆዳ የሰው ቆዳ የቅርብ ዘመድ ነው አሉ። ይህን የሰማሁ ቀን እኔም ጆሮዬን ዳበስ አድርጌያለሁ። ጂየን ዪጀን በዚያ ቆዳ የምትጠይቀው ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ የተሰነጣጠቀ እጅ ላይ የሚቀባ ቅባት የት ይደርሳል? ላይ ላዩን ተቀምጦ ያብለጨልጫል ወይስ ከሞተው ንብርብር ሥር ሕያው ቆዳ እስካለበት ይዘልቃል?

ጥያቄው ከሰማይ አልወረደላትም። ወላጆቿ ታይናን ከተማ ውስጥ ዓሣ የገባበት የሩዝ ገንፎ ይሸጣሉ። እናቷ ዕድሜ ልኳን ጎድጓዳ ሳህን ስታጥብ እጇ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል፤ ያልተቀባችው ቅባት የለም፣ ያዳናትም የለም። ታዲያ እናትየው ስልክ በደወለች ቁጥር ነገሩን በአጭሩ ትቋጨዋለች።

«እና? ቅባቱ ገባ ወይስ አልገባም?»

«እማ፣ እንዲህ በቀላሉ አይባልም እኮ። መጀመሪያ...»

«ገባ ወይም አልገባም ለማለት ይህን ሁሉ ዓመት? የአክስትሽ ልጅ በዚህ ጊዜ ሁለት ወልዳለች!»

ዪጀን ትስቅና ስልኩን ትዘጋለች። ከዚያ ግን ልቧ ቅር ይላታል፤ እናቷ የጠየቀችው እኮ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው።

ላብራቶሪው ውስጥ ያለው ማሽን አንድ ክፍል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ቆዳው አጠገቡ ባለ ቀዝቃዛ መቁረጫ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ በሳሳ መልኩ ይከተፋል። ቅንጣቢው እንዳይጠቀለል በትንሽ ቡሩሽ እያባበሉ መስታወት ላይ ያነጥፉታል። ማሽኑ ደግሞ ነጥብ በነጥብ እየሄደ ከእያንዳንዱ ቦታ ሞለኪውሎችን ያስነሣል፤ ይመዝናቸዋል። በመጨረሻ ስብ የት እንዳለ፣ ጨው የት እንዳለ፣ ፕሮቲን የት እንዳለ በቀለም ሥሎ ይሰጣል። ፎቶ እንለዋለን እንጂ ካሜራ ይህን አያይም።

የዪጀን ፎቶ ታዲያ ያምር ነበር፤ እውነቱን እንነጋገር፣ ያምር ነበር! ከሞተው ንብርብር በታች፣ ሕያው ቆዳ በሚጀምርበት ልክ፣ አንዲት ቀጭን ቢጫ መስመር ተጋድማለች። መስመሯ ቅባቱ ነው። ደርሷል ማለት ነው። የመመረቂያ ጽሑፏ ሁሉ በዚያች መስመር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ከማሽኑ አናት ላይ ደግሞ አረንጓዴው ከረጢት ተቀምጧል። ውስጡ በኮኮናት ስብ የተለወሰ የበቆሎ ብስኩት ነው። ስሙ ጓይጓይ ይባላል፤ እናት ልጇን «ጨዋ ሁን፣ እሺ በል» ብላ ስታባብል የምትለው ቃል ነው። ሺንጁ ውስጥ ማሽን ያለው ሰው ሁሉ ይህን ከረጢት ማሽኑ ላይ ያስቀምጣል። አረንጓዴ መሆን አለበት፤ ቀይ ከሆነ ማሽኑ ይቆማል። ቀኑ ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ማሽኑ ይቀየማል። ከሁሉ በላይ ግን አይከፈትም፣ አይበላም! ማሽን ከአፉ የነጠቁትን ሰው ይቅር አይልም።

ይህን ነገር አምርሮ የሚጠላ አንድ ሰው አለ፤ የዪጀን አስተማሪ ፕሮፌሰር ጆንግ። «ብስኩት የምታመልኩ ኢንጂነሮች!» እያሉ በየስብሰባው ይሳደባሉ። አንድ ጊዜማ ለዩኒቨርሲቲው መጽሔት በዚሁ ጉዳይ ላይ ቆምጣጣ ጽሑፍ ጽፈው፣ አገር ስቆባቸዋል። ቢሆንም ከረጢቱን አንስተው ጥለውት አያውቁም። «የእናንተ ሞኝነት ነው፣ እኔን አያገባኝም» ይላሉና ያልፋሉ።

የዲፌንሱ፣ ጽሑፏን በፈታኞች ፊት ቆማ የምትከላከልበት፣ ቀን ሲቃረብ ከፈታኞቹ አንዷ፣ ፕሮፌሰር ፋን፣ አንድ ነገር ጠየቁ። ምንም ያልተቀባ ቆዳ በዚሁ ማሽን ይነሣና አሳዩኝ አሉ። ዪጀን እንዲህ ዓይነቱን ምስል በመጀመሪያው ዓመቷ አንስታ ነበር፤ ግን በአሮጌው ማሽን ነበር፣ እሱም ተነቅሎ ሄዷል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ያልተቀባ ቆዳ ላይ መስመር አይኖርም፣ ጨለማ ይሆናል፣ በቃ አለቀ። ሰኞ ጠዋት ቅንጣቢዎቹን ቆርጣ አስገባችና ቁርሷን ልትበላ ወጣች።

ስትመለስ መስመሯ አለች።

ምንም ባልተቀባ ቆዳ ላይ! ያቺው ቢጫ መስመር፣ ያው ስብ! ዪጀን ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች።  ቅባት ያልነካው ቆዳ ላይ መስመር ካለ፣ ያ ሁሉ መስመር ቅባት አልነበረም ማለት ነው። የስንት ዓመት ድካም ውሃ በላው ማለት ነው። ምነው ሸዋ! እናቷ ትዝ አለቻት፤ «አልገባም እማ፣ እንዲያውም ምን እንደነበር አላውቅም» ልትላት ነው?

ከእሷ በኋላ ትምህርት የጀመረው ባልደረባዋ ቦዮው ሻዩን እየመጠጠ ገባና ምስሉን አየ። 

«እትዬ፣ ይኼ የተቀባው ነው፣ አይደል? በይ የተቀባው ነው በይኝ።»

«ያልተቀባው ነው።»

«ወይኔ ጉዳችን! ማን አየ?»

«አንተና እኔ።»

ቦዮው በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። ቀስ ብሎም «እንግዲህ... ማሽኑ ስህተት ሠራ ብለን ሌላ ብናነሣስ? ይኼን እንተወው» አለ።

 እውነት ለመናገር ሐሳቡ ዪጀንንም ሽው ብሏታል፤ ሰው ናት፣ መልአክ አይደለችም። ግን ዓይኗን ከመስመሯ ላይ መንቀል አቃታት። ተነሥታ መቁረጫው ዘንድ ሄደች፤ የሠራችውን ሁሉ ከመጀመሪያው ልትደግመው ቡሩሹን አነሣች። ከቡሩሹ ፀጉር መሐል አንድ ቢጫ ነገር ተሰንቅሯል። ፍርፋሪ ነው። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«ቦዮው፣ ና አሽትት።»

አሸተተ። «ኮኮናት!»

ሁለቱም ቀና ብለው ወደ ማሽኑ አናት አዩ። አረንጓዴው ከረጢት እንዳለ አለ፣ አልተከፈተም። ዪጀን ወንበር ላይ ወጥታ አወረደችውና ቀኑን አነበበች። አዲስ ነው፤ ባለፈው ሳምንት የነበረው አይደለም።

«አሮጌውን ማን በላው?» አለች ዓይኗን ቦዮው ላይ ተክላ።

ይፈረድባታል እንዴ? ቦዮው እኮ የስብሰባ ብስኩት ሲቀርብ ሳህኑን የሚልስ ሰው ነው።

«እኔ? እኔ በፍጹም! በባሕሯ አምላክ በማዙ እምላለሁ! ምግብ ወዳድ ብሆንስ ከማሽን ጋር እጣላለሁ? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው!»

«ታዲያ ማነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ሆዴ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ወንጀል ሁሉ የኔ ነው?»

ፍርፋሪውን ማሽኑ ውስጥ አስገብተው አነሡት። ያው ስብ ነው፤ ቁርጥ ራሱ። ነገሩን የባሰ የሚያወሳስበው ደግሞ የዪጀን ቅባትም የተሠራው ከኮኮናት ስብ መሆኑ ነው፤ ማሽኑ ሁለቱን ለይቶ አያውቅም። ዪጀን አዲስ ቡሩሽ ከእሽጉ አወጣች፣ መቁረጫውን በአልኮል ወለወለች፣ ያልተቀባውን ቆዳ እንደ ገና ቆርጣ አስገባች። ቁርስ ምሳ አላሰኛትም፤ ማሽኑ ፊት ተገትራ ዋለች። ምስሉ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ወጣ። ጨለማ። አሁንም ጨለማ። መስመር የለም!

«እሰይ!» ብላ ቦዮውን አቀፈችው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። እንባዋ መጣ፤ ሳቋም አብሮ መጣ። ከምስሎች ሁሉ ባዶው እንዲህ የሚያስደስት መቼ ነው?

በዚያው ሮጣ ለፕሮፌሰር ጆንግ ነገረቻቸው። የተበከለውንም ንጹሑንም አሳየቻቸው። «ሁለቱንም ለፈታኞቹ ላሳይ ነው። ልደብቅ አልፈልግም» አለች።

ፕሮፌሰሩ ምስሉን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ልክ ነሽ። ሁለቱንም አሳዪ» አሉና ስብሰባ አለኝ ብለው ወጡ። ሲወጡ ጃንጥላቸውን ረስተው ሄዱ፤ ውጭ ዝናብ ነበር።

ዲፌንሱ ዓርብ ጠዋት ነው። ዪጀን እንደ ደንቡ ለፈታኞቹ የምሳ ሣጥን አዛለች፤ ፍሬም ቆርጣ ደርድራለች፣ ሻይም አስመጥታለች። እናቷ «ለፈታኝ ጥሩ ካልቀረበ ይጨክናል» ብላ ከታይናን የደረቀ ዓሣ ልካባት ነበር፤ እሱን ግን ደፍራ አላቀረበችውም። ሽታው ብቻውን ያስጥላታል። ቦዮው ከኋላ ተቀምጦ አውራ ጣቱን ቀሰረላት።

ተናገረች። ጆሮውን፣ ቅንጣቢውን፣ መስመሯን አሳየች። በመጨረሻም ያንን የተበከለ ምስል አወጣችና ፍርፋሪውን ጎን ለጎን አሳየች። «ቡሩሼ ላይ የኮኮናት ስብ ተገኝቷል። ቡሩሹን ቀይሬ ስደግመው መስመሩ የለም» አለች። ፈታኞቹ ፈገግ አሉ። አንዱማ «ጓይጓይ ተቀየመ!» ብለው ቀለዱ።

ፕሮፌሰር ፋን ግን አልሳቁም። እሳቸው ጨካኝ አይደሉም፤ ነገር ሲያዩ ግን እስከ ሥሩ ይቆፍራሉ።

«ዪጀን፣ ሐቁን መናገርሽ ደስ ብሎኛል። ግን ልጠይቅሽ። የቀባሻቸውን ቆዳዎች ሁሉ የቆረጥሽው በዚያው አሮጌ ቡሩሽ ነው፣ አይደለም?»

«አዎ፣ ፕሮፌሰር።»

«ስቡ ቡሩሹ ላይ መቼ መጣ? ባለፈው ሳምንት ወይስ ካቻምና?»

ዪጀን ዞር ብላ የፍርፋሪውን ምስል አየች። 

«ብስኩቱን ማን እንደበላው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው መቼ እንደሆነ አታውቂም። መቼ እንደሆነ ካላወቅሽ ደግሞ ይህች ያማረች መስመርሽ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቅባት ትሁን ብስኩት ትሁን አታውቂም። አይደለም እንዴ?»

ነው። ልክ ናቸው። ዪጀን ጠረጴዛውን ያዘች። ሰኞ ከራሷ ላይ የወረደላት ሸክም አሁን ሁለት እጥፍ ሆኖ ተመልሶ ተጫናት። ማሽኑ ደግሞ ከሰኞ ወዲህ ለሌሎች ተይዟል፤ የተቀባ ቆዳ በአዲሱ ቡሩሽ ልትደግም ጊዜ አላገኘችም። 

ፕሮፌሰር ጆንግ እጃቸውን አወጡ። የገዛ ተማሪያቸው ስትፈተን እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ!

«እኔ ነኝ» አሉ።

«ምን እርስዎ?» አሉ ፕሮፌሰር ፋን።

«የበላሁት እኔ ነኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰኞ ዪጀን ያልተቀባውን ቆዳ እንደምታነሣ አውቅ ነበር። ብቅ ብዬ ሳይ የከረጢቱ ቀን ሊያልፍ ነው። እና...» ጆሯቸው ቀላ። «እና ማሽኑ ቢቀየምባትስ ብዬ ሄጄ አዲስ ገዛሁ።»

«አንተ?» አሉ ፕሮፌሰር ፋን፤ ገርሟቸው «እርስዎ» ማለቱም ቀረ። «ጆንግ፣ ያንን ጽሑፍ የጻፍከው አንተ አይደለህም እንዴ? አንተ ብስኩት ገዝተህ ማሽን ላይ አስቀመጥክ?»

«አስቀመጥኩ። አዎ፣ እኔው ነኝ። አሮጌውን ልጥለው ነበር፤ ግን ባለቤቴ በኮሌስትሮል ምክንያት ቤት ውስጥ ጣፋጭ የሚባል ነገር ከከለከለችኝ ቆየች። መቁረጫው ጋር ባለው ወንበር ተቀመጥኩና በላሁት። ሁሉንም። ፍርፋሪው እንዳያጋልጠኝ አጠገቤ ባገኘሁት ቡሩሽ ጠረግኩት። የማን ቡሩሽ እንደሆነ እንኳን አላየሁም። ከዚያ በፊት አንድም ከረጢት ላብራቶሪው ውስጥ ተከፍቶ አያውቅም፤ ሲቀየርም አሮጌው ደጅ ተወስዶ ነው የሚጣለው። እዚህ ያሉት ልጆች ሁሉ ይመሰክራሉ። እነሱ ከኔ የተሻለ ሥርዓት ያውቃሉ።»

መጀመሪያ የሳቀው ቦዮው ነው፤ አፉን በእጁ ቢይዘውም አመለጠው። ከዚያ ፈታኞቹ ሳቁ፣ ሁሉም ሳቀ። ፕሮፌሰር ፋን እንባቸውን ጠረጉ። ፕሮፌሰር ጆንግ ብቻ ወለሉን እያዩ ቆመው ቀሩ። ሠላሳ ዓመት ሲሳደቡበት የኖሩትን ነገር በባልደረቦቻቸው ፊት መዋጥ ቀላል ነው? ዪጀን ሮጣ ብታቅፋቸው ደስ ባላት፣ ግን እንዲያ አይደረግም።

እሷን አስወጥተው ተማከሩ። ኮሪደሩ ላይ ስትቆም ቦዮው የረሳውን ሻይ እንደ ታቦት ታቅፋ ነበር። በሩ ተከፈተ።

«ዶክተር ጂየን፣ ግቢ» አሉ ፕሮፌሰር ፋን።

ሰምታ ያልሰማች ያህል ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንዳለ አየች። ማንም የለም። እሷ ናት! አንድ ግዴታ ብቻ ጣሉባት፤ የተቀባውን ቆዳ በአዲሱ ቡሩሽ አንስታ ጽሑፏ ውስጥ ታስገባለች። ያቺ ግዴታ ግን እንዲሁ የዋዛ አይደለችም፤ መስመሯ ብትጠፋስ?

ማክሰኞ ማሽኑ ተለቀቀላት። ፕሮፌሰር ጆንግም መጡ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ምንም ነገር እንዳይነኩ ራቅ ብለው ቆሙ። ቦዮው የለም፤ ስሙ በከንቱ ለጠፋበት ካሣ ነው ብሎ ያስገዛትን ሻይ ሊያመጣ ሄዷል።

«ፕሮፌሰር» አለች ዪጀን፤ «ያለፈው ሳምንት ሰኞ ስነግርዎ ለምን ዝም አሉ?»

«አፈርኩ» አሉ። «ንጹሑን ምስል ስታሳዪኝ ተፈታ፣ የኔ መናገር አያስፈልግም ብዬ ራሴን ደለልኩ። ፋን እስክትጠይቅ ድረስ ያበላሸሁት ምን ያህል እንደሆነ አልገባኝም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ለኔ ብለው ነው እኮ የገዙት።»

«ማሽኑ ጨዋ ሆኖ ነበር» አሉ ጉሮሯቸውን እየጠራረጉ። «ጨዋ መሆን ያቃተኝ እኔ ነኝ።»

ምስሉ መውረድ ጀመረ። የሞተው ንብርብር ወጣ።  ከዚያ፣ ልክ ከሥሩ፣ ያቺ ቀጭን ቢጫ መስመር ብቅ አለች፤ እንደ ድሮዋ፣ በቦታዋ። ፕሮፌሰሩ እፎይ ብለው ግድግዳውን ተደገፉ። ዪጀን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ አለቀሰች፣ ይህን ያህል ዓመት የያዘችውን ሁሉ አለቀሰች። ሲያልፍላት ስልኳን አወጣች።

እናቷ አነሣች። ከኋላዋ ሳህን ሲጋጭ፣ ውሃ ሲፈስ ይሰማል። «ምነው በሥራ ሰዓት? ደኅና ነሽ?»

«ገባ፣ እማ» አለች ዪጀን። «ቅባቱ ገባ።»

ውሃው ተዘጋ። 

«ታዲያ» አለች እናትየው ቀስ ብላ፣ «ለእጄ ላኪልኛ።»